«ይሸፍናል እንጂ አያድንም» ለሚሉ፦ ስለ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት የቀረበ ምላሽ

ስለ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ጎርጎራ ላይ የሚባለው ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ከሚባለው ብዙ አይለይም። «ነጭ ነገር ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያድንም» ይባላል። የልጇ መቀመጫ ቀልቶና ተላጥቶ፣ በነካችው ቁጥር ሲጮህባት የምታድር እናት መሸፈኛ አይደለም የምትፈልገው፤ መድኃኒት ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱም ይህን ያውቃል። «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ስትለው ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ በአንድ ቱቦ የተቀላቀሉበትን ያወጣላታል። ቤት ስትገባ ደግሞ አያት አሉ፤ «ለጋ ቅቤ እያለ ለዚህ ገንዘብ ይወጣል?» ይላሉ። ሌላው አስተያየት ከተማረው ወገን ይመጣል፦ የዳይፐር ክሬም የከተማ ቅንጦት ነው፣ ወባና የምግብ እጥረት ያለበት የደምቢያ ጤና ጣቢያ ስለ እሱ የሚያስብበት ጊዜ የለውም ይላል።

እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ የሚስማሙ አይመስሉም። ግን ሁሉም አንድ ነገር ተቀብለው ነው የሚነሡት፤ መሸፈን ከማዳን ያነሰ ሥራ ነው ብለው። የእኔ ምላሽ በዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሕመም፣ ለአብዛኛው የዳይፐር ሽፍታ፣ ዋናው ሕክምና መሸፈኑ ነው። ምክንያቱ ያለው ቅባቱ ውስጥ ሳይሆን ሕመሙ ራሱ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

የዳይፐር ሽፍታ በአብዛኛው ተላላፊ በሽታ አይደለም። ጥርስ ሲወጣ የሚመጣ «ሙቀት»ም አይደለም። ቆዳ ለረጅም ሰዓት ረጥቦ፣ በሽንትና በሰገራ ተነክሮ፣ ከጨርቅ ጋር ሲፋተግ የሚደርስበት ጉዳት ነው። ይህን ለመረዳት ሕክምናው ራሱ ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1921 ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ የሚለውጥ ባክቴሪያ ከሕፃናት ሰገራ አግኝቶ ጥፋተኛው አሞኒያ ነው አለ። ጠዋት ጨርቅ ስትፈታ ዓይኗን የሚያቃጥላት ሽታ ስላለ እናትም ይህን ለማመን አትቸገርም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሐሳቡ ሳይነካ ቆየ። በ1977 ላይደን፣ ክሊግማንና ባልደረቦቻቸው ሽፍታ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሕፃናት አነጻጽረው ሲያዩ በአሞኒያው መጠን ልዩነት አጡ፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ ሲያደርጉትም አላቀላም። በ1986 በርግና ባልደረቦቹ የጎደለውን ሞሉት። ቆዳውን የሚበላው በሰገራ ውስጥ ያሉት፣ ፕሮቲንና ስብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ናቸው። አሞኒያው የቆዳውን አሲድነት ያጠፋል፤ አሲድነቱ ሲጠፋ ኢንዛይሞቹ ይነቃሉ። ሽንት ብቻውን ብዙ አይጎዳም፣ ሰገራም ቶሎ ከተጠረገ ያን ያህል አይጎዳም፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲቆዩ ነው ቆዳ የሚላጠው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይገለጣል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው አሲድነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሽፍታው ይቀልለታል። ተጨማሪ ምግብ ከጀመረ በኋላ፣ በተለይ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ፣ ይበረታበታል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በአንድ ቀን የሚላጠው ሰገራው ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣና ኢንዛይሞቹ ሳይሰባበሩ ስለሚወጡ ነው። ተቅማጡ የመጣበት ወቅት ብዙ ጊዜ ጥርስ ከሚበቅልበት ጋር ስለሚገጥም ጥርሱ ይከሰሳል፤ በጎንደር ዙሪያ ይህ ክስ እስከ «ግግ» ማስወጣት ድረስ ሄዶ ሕፃናትን ለመድማትና ለመመረዝ ዳርጓል። ልጁ አፉም መቀመጫውም የተጎዳበትን ቤት ሳስብ፣ የሽፍታውን ምክንያት ማስረዳት ትርፍ ሥራ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ጎርጎራ። ከጎንደር በደምቢያ ሜዳ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው የሚደርሱበት የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው። እዚህ ሕፃን በአብዛኛው በጨርቅ ተጠቅልሎ በአንቀልባ ይታዘላል። ዳይፐር ቢደረግለትም ለመንገድና ለቤተ ክርስቲያን ነው። አንቀልባውን ከቅርብ የተመለከተ ሰው ጉዳዩ ይገባዋል። የአንቀልባው ቆዳ የሕፃኑን መቀመጫ ከእናቱ ጀርባ ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፤ ልብሷ እንዳይረጥብ አንዳንዴ በጨርቁ ላይ ላስቲክ ይጨመራል፤ ሁለቱ ጉልበቶቹ ተከፍተው ብሽሽቱ ይታጠፋል። ልጁ ሲሸና አያለቅስም፤ ይሞቀዋል፣ ይተኛል። እናቲቱ እርሻ ላይ ወይም ገበያ ናት። ስትፈታው ጨርቁ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ይላቀቃል፤ የተላጠው ቦታ ጨርቁ አጥብቆ የነካው እንጂ የእጥፋቱ ውስጥ አይደለም። በውድ ዳይፐር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እንዲያውም በ1980ዎቹ የመጡት፣ ሽንቱን መጠው የሚይዙት ዳይፐሮች ከእርጥብ ጨርቅ ይሻላሉ። ስለዚህ «ይህ የዳይፐር በሽታ ነው፤ እኛ በጨርቅ ነው ያደግነው» ማለት አያስኬድም። በሽታው የእርጥበት ነው።

ጉዳቱ እንዲህ ከሆነ ሕክምናው ሁለት ነገር ብቻ መሥራት አለበት፦ የሚጎዳውን ከቆዳው ማራቅና ቆዳው ራሱን እስኪተካ ድረስ ጊዜ መግዛት። የሕፃን ቆዳ ካልተነካ ራሱን በፍጥነት ይተካል። ዚንክ ኦክሳይድ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነጭ ዱቄት ነው። በቫዝሊን ወይም በሌላ ቅባት ተለውሶ ሲቀባ ሽንት አያጥበውም፣ ሰገራ በቀላሉ አያልፈውም። መጠኑ እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ የእንግሊዝ ፋርማኮፒያ ከጉሎ ዘይት ጋር የሚቀምመው ክሬም 7.5 በመቶ ይይዛል፣ ገበያ ላይ ካሉት ወፍራሞቹ 40 በመቶ ይደርሳሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የበርሊኑ የቆዳ ሐኪም ኦስካር ላሳር የቀመመውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ልውስ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዱቄት ነው፤ ሩቡ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ሩቡ ስታርች። ዱቄቱ ሲበዛ ቅባቱ ይጠጥራል፣ በሰውነት ሙቀትም ቀልጦ ወደ ጨርቁ አይፈስስም፣ ከቆዳው የሚወጣውንም ጥቂት እርጥበት ይመጥጣል። ከዚህ በተጨማሪ ከዱቄቱ ቀስ በቀስ የሚለቀቀው ዚንክ የቆሰለ ቆዳ እንዲሸፈን እንደሚያግዝ የስካንዲኔቪያ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይህን ግን የክርክሬ ምሰሶ አላደርገውም። ምሰሶው መጋረዱ ነው።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» ሲባል የምሰማው ቅባቱ እንደ ፊት ክሬም ስለተቀባ ነው። ጥቂት ጠብታ ተደርጎ፣ ታሽቶ፣ ነጩ እስኪጠፋ ድረስ። ግድግዳ የሚለስን ሰው ጭቃውን ግድግዳው ውስጥ ለማስገባት አያሽም፤ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ዚንክም እንደዚያ ነው፤ ቆዳው ከሥር እስከማይታይ ድረስ ተጭኖ መቀመጥ አለበት። ከመቀባቱ በፊት ቆዳው መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት እርጥበቱን ከሥር ዘግቶ ይይዘዋል። ጨርቁ ሲለወጥ ደግሞ ሰገራ የነካው የላይኛው ንብርብር ብቻ ተነሥቶ በላዩ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች በንጽሕና ስሜት ስሕተት ይሠራሉ፤ ነጩ ሁሉ እስኪለቅ በሳሙና ይፈትጉታል፣ አዲስ የበቀለውን ቆዳ አብረው ያነሡታል። ሙሉ በሙሉ መነሣት ካለበት ትንሽ የምግብ ዘይት በጥጥ አድርጎ ማለስለስ ይበቃል። ጨርቁ የታጠበበት ኦሞ ወይም በረኪና በደንብ ካልታለቀለቀ እሱም ያቃጥላል። የተላጠ ቆዳ የሚታጠብበት ውሃ ከሐይቁ የተቀዳ ከሆነ ፈልቶ ይብረድ፤ በጣና ዳር ቢልሃርዝያ መኖሩን የአካባቢው ሰው ያውቃል።

ሌላው ከሕመሙ የሚከተል ምክር ልጁን በቀን ለተወሰነ ጊዜ ያለ ጨርቅ ማስተኛት ነው። ይህ በእኛ ቤት ከቅባቱም በላይ ይከብዳል፣ ምክንያቱም «ብርድ ይመታዋል» ይባላል። አያቶችን በዚህ ላይ መገሰጽ አልወድም፤ አራስ ልጅ በእርግጥ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ግን ጎርጎራ እኩለ ቀን ላይ ሞቃት ነው። ከወገቡ በላይ የለበሰ የስድስት ወር ልጅ ነፋስ በሌለበት ጥግ፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ ለግማሽ ሰዓት ቢገላበጥ የሚጎዳው ነገር የለም።

አሁን ተቃዋሚዬ በጥናት በኩል ቢመጣ ምን ሊል እንደሚችል ልቀበል። ስለ ዚንክ ኦክሳይድ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በ2001 በአውሮፓ የቆዳ ሕክምና መጽሔት የወጣው የባልድዊንና ባልደረቦቹ ጥናት ዚንክ ኦክሳይድና ቫዝሊን ያለማቋረጥ ወደ ቆዳው የሚያደርስ ዳይፐር ሽፍታን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአንጻሩ በ1999 በእስራኤል አራድና ባልደረቦቹ ሦስት ነገር አወዳድረው ነበር፦ ኢኦሲን የተባለውን ቀለም በውሃ በጥብጦ፣ ስቴሮይድ ክሬምና የዚንክ ልውስ። የበለጠው ቀለሙ ነበር። ይህን ጥናት ዚንክን ለማጣጣል የሚጠቅስ ሰው እስከ መጨረሻው ያንብበው። ያሸነፈው ማድረቂያ ቀለም እንጂ «ጠንከር ያለው» ስቴሮይድ አይደለም። ዚንክ ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አልከራከርም፤ ቫዝሊን ብቻውን በደንብ ተቀብቶ ብዙ ልጆችን ያድናል፣ ዚንክ በሌለበት መንደር እሱን ልመክር አላፍርም። የምከራከረው ለመጋረዱ ሐሳብ ነው፣ ለጋራጁ ቅባት።

ወደ ጠንካራው ቱቦ ስመጣ ግን ለስለስ ማለት አልችልም፤ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ በኩል ነውና። በሕፃን መቀመጫ ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ የሚሆነውን አስቡ። መቅላቱ በሁለት ቀን ይጠፋል። እናት ትደሰታለች፣ ሻጩ ይመሰገናል። የጠፋው ግን ቀለሙ ነው፤ ሽንቱና ሰገራው አሁንም ከቆዳው ጋር ናቸው፣ ስለዚህ ስታቆም ይመለሳል፣ እንደገና ትቀባለች። በዚህ መሐል ቆዳው ይሳሳል። በ1967 ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ በተለያየ የሰውነት ክፍል ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ ለክተው ነበር። የክንድን ቆዳ አንድ ብለው ሲይዙ በዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ የሚገባው 42 እጥፍ ሆነ። ያ የአዋቂ ሰው ልኬት ነው። የሕፃን ቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጣል፤ በላዩ ላይ ዳይፐር ወይም ላስቲክ ያለው ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፣ ይህም መድኃኒቱ የበለጠ እንዲገባ ያደርጋል፤ ቆዳውም የተላጠ ነው። ክንድ ላይ ለአዋቂ የታሰበ ቅባት በዚህ ቦታ በቀን አራት ጊዜ ሲቀባ ቆዳ ላይ የቀረ መድኃኒት መሆኑ ያበቃል፤ በደም የሚዞር መድኃኒት ይሆናል።

ውጤቱም ተጽፏል። ከቱርክና ከሕንድ በተደጋጋሚ የወጡ የሕክምና ዘገባዎች ለዳይፐር ሽፍታ ክሎቤታሶል ለሳምንታት የተቀቡ ሕፃናት ፊታቸው አብጦና ክብ ሆኖ፣ ክብደታቸው ጨምሮ፣ ዕድገታቸው ቆሞ፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ወደ ሆስፒታል መምጣታቸውን ይናገራሉ። ክሎቤታሶል በቆዳ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ በጥንካሬው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለ ነው። በእኛ አገር ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ ፊት ለማንጣት የሚገዙትም አሉ፣ ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ ተከፍቶ የተቀመጠ ቱቦ አለ። ልጁ ሲቀላ እጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። «እናቲቱ ራሷ ስትቀባው የቆየችው ነው፣ ምንም አላደረጋት» የሚለው ማሳመኛ ለሕፃኑ አይሠራም፤ ምክንያቱን ከላይ በቁጥር አይተነዋል።

በአንድ ቱቦ ውስጥ ሦስት ነገር የተቀላቀለበት ቅባት ለሻጭ ይመቻል፤ ፈንገስም ቢሆን ባክቴሪያም ቢሆን ብግነትም ቢሆን አንዱ ያገኘዋል ተብሎ። ይህ ግን በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት ነው። ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው ቤታሜታሶን ከቀላሎቹ ስቴሮይዶች ወገን አይደለም። ፀረ ባክቴሪያው ጀንታማይሲን ያለ ምክንያት በየቤቱ ሲቀባ ባክቴሪያዎቹን ያለማምዳል። ስቴሮይዱ ደግሞ ፈንገሱን ለመዋጋት የተጨመረውን መድኃኒት ሥራ ይሸፍንበታል፤ መቅላቱ ስለሚጠፋ ፈንገሱ የተሸነፈ ይመስላል። ስቴሮይድ ፈጽሞ አይነካ አልልም። ሽፍታው በጣም ተቆጥቶ ልጁን ካሠቃየው፣ ከአንድ ወር ዕድሜ በላይ ለሆነ ልጅ፣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ስስ ተደርጎ በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ለሰባት ቀን፣ ባለሙያ አይቶት ሊታዘዝ ይችላል። ያኔም ጋራጁ ቅባት በላዩ ይቀጥላል። ዕለታዊው እሱ ነው፤ ስቴሮይዱ እንግዳ ነው።

ስለ ቅቤ። አያቶች ቅቤ ሲቀቡ የያዙት ሐሳብ ትክክል ነው፤ ቆዳንና እርጥበትን በቅባት መለየት። የአራሱን እርግብግቢት በቅቤ ሲያለሰልሱ፣ መገጣጠሚያውን ሲያሹ ያዩት ሰዎች ይህን ሙያ ለዘመናት ይዘው መቆየታቸውን ማክበር ይገባል። ችግሩ ቅቤው ላይ ነው። የቤት ቅቤ ውስጡ ውሃና የወተት ትራፊ አለ፤ ሙቀት ያለበት ቦታ ሲውል ለባክቴሪያና ለፈንገስ ምግብ ይሆናል። በሰውነት ሙቀትም ስለሚቀልጥ ከቆዳው ይልቅ ጨርቁን ያረጥባል። የተላጠ ቆዳ ላይ፣ በተለይም ገና ባልደረቀ እትብት አጠገብ፣ ልንወስደው የማይገባ አደጋ ነው። ጤነኛ እግርና ጀርባ ላይ ከሆነ ልከራከር አልፈልግም። ጉሎ ግን የተለየ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። የጉሎ ዘይት ከዚንክ ጋር የሚቀመም የታወቀ ነገር ስለሆነ ምጣድ የምናስስበትን ፍሬ ወቅጦ መቀባት የሚያሰኘው ሰው ይኖራል። ፍሬው ውስጥ ራይሲን የተባለ ገዳይ መርዝ አለ፤ በፋብሪካ የተጣራው ዘይት ነው ከእሱ ነፃ የሆነው። ፍሬው ከሕፃን ቆዳም ከሕፃን እጅም ይራቅ።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የተማረው ወገን አስተያየት ነው፤ የከተማ ቅንጦት ነው የሚለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው የከባድ ምግብ እጥረት ሕክምና መመሪያ ውስጥ ቆዳው ለተላጠ ልጅ ዚንክና የጉሎ ዘይት ቅባት ወይም ቫዝሊን በቁስሉ ላይ እንዲቀባ ተጽፏል። በ2003 የወጣው የሆስፒታል መመሪያም ይህንኑ ይደግምና ብሽሽቱ እንዲደርቅ የሽንት ጨርቁን አስቀሩለት ይላል። በዓለም ላይ ካሉ ሕፃናት ሁሉ ይበልጥ ድሃ ለሆነው፣ እግሩ ላበጠው፣ ቆዳው እንደ ተቃጠለ ለሚላጠው ልጅ ነው ይህ የታዘዘው። ያ ልጅ ኢትዮጵያ ውስጥ የት እንደሚተኛ የሚያውቅ የጤና ሠራተኛ ይህን ቅባት ቅንጦት ሊለው አይችልም። ደምቢያ ደግሞ ከበሽታ በፊት ለሚሠራ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሜዳውን የመታው የወባ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንዲከፈት ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የደምቢያው ቆላ ድባ ጤና ጣቢያም ለኮሌጁ ተማሪዎች የመስክ ማሠልጠኛ ሆኖ አገልግሏል። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠራተኛ በቡድን የሚያሠለጥነው ትልቁ ሥራ ከበሽታው በፊት ያለው ነው ብሎ ነበር። ቆዳን ከእርጥበት መጋረድ ከዚያ ሥራ ውጭ አይደለም።

እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎቼ የምሰጠው አንድ ትልቅ እውነት አለ። ዚንክ ቅባት የማይረዳቸው ሽፍታዎች አሉ፣ እነሱንም ሸፍኖ ሊደብቃቸው ይችላል። ሽፍታው ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወደ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ከገባ፣ ደማቅ ቀይ ሆኖ በዙሪያው ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ከበተነ፣ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ገብቶበታል፤ በተለይ ልጁ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከሆነ። ያኔ ክሎትሪማዞል ወይም ኒስታቲን ያስፈልጋል፣ ጋራጁ በላዩ ሆኖ። መግል የያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ያበጀ ወይም ትኩሳት ያለው ልጅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአፍ ዙሪያ፣ በፊንጢጣ ዙሪያና በእጅ ጣቶች ላይ አብሮ የሚወጣ፣ ከተቅማጥ ጋር የማይለቅ ሽፍታ ደግሞ ሰውነቱ ዚንክ የማያገኝ ልጅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከውልደት የሚመጣውን ዓይነት ኖርዌያዊው ዳንቦልት በ1942 ከገለጸው ጀምሮ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ያህል ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆይተው በ1970ዎቹ ነው ከዚንክ ጋር የተገናኘው። ይህ የሚድነው በአፍ በሚሰጥ ዚንክ ነው፤ ቅባት ቢለስኑበት ዋጋ የለውም።

በአፍ የሚሰጠው ዚንክ ከቅባቱ ጋር በየቤቱ ይምታታል። በ2004 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለተቅማጥ የመከሩት የዚንክ ክኒን፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር የሚሰጥ ነው። በየቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታውቀዋለች። ክኒኑ ተቅማጡን ያሳጥራል፣ ቅባቱ ተቅማጡ እስኪያበቃ ቆዳውን ይጠብቃል፤ ተቅማጥ ይዞት የተላጠ ልጅ ሁለቱንም ይፈልጋል። ክኒኑን ፈጭቶ ቁስሉ ላይ መነስነስ ጥቅም የለውም። ዱቄት መነስነሱን ካነሣን፣ ቤቢ ፓውደርም ለዚህ ሥራ አይሁን፤ ሲነሰነስ ሕፃኑ ይስበዋል፣ ሳንባውን ይጎዳል።

ሌላም አለ፣ በእኛ ክልል ሊዘነጋ የማይችል። እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ ድርቅ በኋላ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ተነሥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ከሦስቱ አንዱ ገደማ እከክ ተገኝቶበታል። የምርመራውን ውጤት ካሳወቁት መካከል የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪሞች ነበሩ። እከክ በአዋቂ ላይ ከጣት መሐል ሲታይ፣ በሕፃን ላይ ግን መዳፍ፣ የእግር ጫማና የዳይፐር ቦታ ላይም ይወጣል። ሌሊት ያሳክካል፣ ልጁ ይነጫነጫል፣ መቀመጫው ላይ ፍንጣቂ ይታያል፤ ነጭ ቅባት ሲቀባበት ለጊዜው ቀዝቀዝ ይለውና ቤተሰቡ በሙሉ እየተላለፈበት ይቀጥላል።

ስለዚህ «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ለምትል እናት መልሱ ጠንካራው ቱቦ አይደለም፣ ዚንኩን አቀብሎ መሸኘትም አይበቃም። ልጁ ይፈታ፣ ይታይ። ስንት ቀን ሆነው፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ተቅማጥ አለው ወይ፣ እስካሁን ምን ተቀባ፣ ቤት ውስጥ ሌሊት የሚያሳክከው ሌላ ሰው አለ ወይ ተብላ ትጠየቅ። ከጥያቄው በኋላ አብዛኞቹ ልጆች የሚወጡት በነጩ ቅባት ነው፤ ያኔ ባለሙያው ቱቦውን ከፍቶ በራሱ ጣት፣ ቆዳው እስከማይታይ ድረስ፣ አንዴ ቀብቶ ያሳያት።